የሬዚን ሞዴል ኪት ስንሠራ፦ ብናኙ፣ ማጣበቂያውና ቀለሙ ምን ያህል ያሰጋል?

ጥያቄ፣ ከ«ብሩሽና ሞረድ»

ሰላም ለሁላችሁም። እስካሁን የምሠራው የፕላስቲክ ተገጣጣሚ ሞዴል ነበር፤ አሁን ወደ ሬዚን ልገባ ነው። እጄ ላይ ያለው ኪት አንድ የ1/24 (ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያነሰ) የመኪና አካልና ሦስት የ1/35 የሰው ምስሎች አሉት። ሁሉም ተቀርጸው፣ ደርቀው የመጡ ናቸው፤ ፈሳሽ ሬዚን የለውም። ከቀረጻ የተረፉት ወፋፍራም የሬዚን እግሮች (የምስሎቹ እግር ሳይሆን ትርፍ ግንዶች) በመጋዝ መቆረጥ፣ የመኪናው ጣሪያና በሮቹ ደግሞ በደንብ መለስለስ አለባቸው።

ስለ ጥንቃቄው የማነበው እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «የሬዚን ብናኝ መርዝ ነው» ይላል፤ ሌላው «ከእንጨት ብናኝ በምን ይለያል?» ይላል። ቤቱ ሁለት ክፍልና ትንሽ በረንዳ አለው፤ የአራት ዓመት ልጅም አለ። ያለኝ ማስክ ሰማያዊው የሕክምና ማስክ ነው። እሱ ይበቃል? የት ብሠራ ይሻላል? ሱፐር ግሉውና ስፕሬዩስ? የመኪናውን አካል መጨረሻ ላይ ጋራዥ ውስጥ በሚረጨው አንጸባራቂ ቫርኒሽ ለመሸፈን አስቤአለሁ።

መልስ፣ ከ«የናስ ሽቦ»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። እንዲህ ያሉ ኪቶች በአብዛኛው የሚቀረጹት ከፖሊዩሬቴን ሬዚን ነው። ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ ይጠነክራል፤ ከሁለቱ በአንደኛው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ነው ዋናው አደጋ። በትክክለኛው መጠን ተቀላቅሎ በደንብ የደረቀ የኪት ክፍል ውስጥ ግን አይሶሳያኔቱ ተዋሕዶ አልቋል። ስለዚህ ክፍሉን በባዶ እጅ መያዝም ሆነ መገጣጠም አያሰጋም። ጣጣው የሚጀምረው ስትፍቀው ነው።

የሬዚን ብናኝ በጣም ደቃቅ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ከሚነሣው ብናኝ ውስጥ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ጉሮሮን አልፎ ይወርዳል፣ ከ2.5 በታች የሆነው ደግሞ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል። ሰውነት ይህን ነገር መፍጨትም ማሟሟትም አይችልም። አንዳንዱ ሬዚን ውስጥ ደግሞ እንደ ታልክ ያለ መሙያ ወይም ደቃቅ የመስታወት ቅንጣት ይጨመራል። አንድ ቀን ብትተነፍሰው ትሞታለህ ማለት አይደለም፤ ግን ሞዴል ሥራ ዓመታት የሚዘልቅ ሥራ ነው፣ ሳንባም ቆጥሮ ይይዛል። «ከእንጨት አይለይም» ለሚሉት ደግሞ፣ የእንጨት ብናኝ ራሱ ለሳንባ ጥሩ ነው ያለ የለም።

መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በውሃ መሥራት። ብናኙ አየር ላይ ሳይነሣ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከሱቅ ስትገዛ ውሃ የሚችለውን፣ ጥቁሩን ወይም ግራጫውን ብርጭቆ ወረቀት ለይተህ ጠይቅ፤ ቢጫው የእንጨት ወረቀት ውሃ ሲነካው ይበጣጠሳል። ሰፋ ያለ ሳፋ ውስጥ ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ ጨምርና ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጣል። ሳሙናው ወረቀቱ በብናኝ እንዳይደፈን ይረዳል። ለቀረጻ መስመሮች ከ320 ቁጥር ወረቀት ጀምር (ቁጥሩ ሲያድግ ወረቀቱ ይለሰልሳል)፣ ከዚያ 400፣ ከዚያ 600፤ ለመኪናው ጣሪያ እስከ 1000 ሂድ። ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ላስቲክ ላይ ጠቅልለው፤ በጣትህ ብቻ ከያዝከው ጣሪያው ላይ የጣትህ ጉድጓድ ይወጣል። በየጥቂት ምቱ ክፍሉንም ወረቀቱንም ውሃ ውስጥ ንከር። ክፍሉ ላይ ደርቆ ነጭ ዱቄት መታየት ከጀመረ ዘግይተሃል፣ ያ ዱቄት ነው ቀጥሎ አየር ላይ የሚነሣው።

መጋዙንም አርጥበው። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ስስ መጋዝ ተጠቀም፤ ክፍሉን መዳፍህ ላይ ይዘህ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ በተቸነከረ እንጨት ጠርዝ አስደግፈህ ቁረጥ። ሬዚን ተሰባሪ ስለሆነ መጨረሻ ላይ በድንገት ይለቅና ምላጩ ወደ እጅህ ይመጣል። ትርፉን እግር ከክፍሉ ጋር አስጠግተህ አትቁረጠው፤ 1 ሚሊሜትር ያህል ተርፎ ይቅርና በእርጥብ ወረቀት ጨርሰው። በፒንሳ ቆርጦ ለመገላገል መሞከርም መጥፎ ነው፤ ሬዚኑ ይፈነጠርና ዓይን ይመታል፣ ክፍሉም አብሮ ይሰነጠቃል። ናስ ወረቀት ላይ የተቀረጹ ጥቃቅን ክፍሎች ካሉበትም መነጽር አድርግ፤ ሲቆረጡ እንደ መርፌ ስለው ይዘላሉ።

በኤሌክትሪክ የሚዞር መሣሪያ ካለህ ለዚህ ሥራ ባትነካው እመርጣለሁ። ብናኙን በየአቅጣጫው ይበትናል፣ ፍጥነቱም ሬዚኑን ያግለዋል። ሬዚኑ ከጋለና ከሸተተ መሣሪያው እየፋቀ ሳይሆን እያቃጠለ ነው፣ ሲቃጠል ደግሞ የተዋሐደው ኬሚካል ተመልሶ ይበታተናል። የግድ ከሆነ ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ፣ ደጅ፣ ማስክ አድርገህ። በውሃና በኤሌክትሪክ አብረህ አትሥራ። ትርፍራፊ ሬዚን ደግሞ በምንም ምክንያት ከሰል ላይ እንዳይጣል፤ ፖሊዩሬቴን ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሳያናይድ ያወጣል።

ማስክህን በተመለከተ፣ አይበቃም። የሕክምናው ማስክ ጉንጭ ላይ ክፍት ነው፣ አየሩ በጎን ይገባል። የሚያስፈልግህ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የተጻፈበት ነው፤ የመጀመሪያው 95፣ ሁለተኛው 94 በመቶ ያጣራል። ኤፍኤፍፒ3 ካገኘህ 99 በመቶ ነው። ካደረግከው በኋላ በሁለት እጅህ ሸፍነህ ተንፍስ፤ አየር በአፍንጫህ ግራና ቀኝ ካመለጠ ሽቦውን አስተካክል። ጢም ካለህ ማስኩ ፊትህ ላይ አይገጥምም፣ ያኔ የተጻፈው ቁጥር ዋጋ የለውም። በውሃ ስትሠራም ማስኩን አድርግ፤ እርጥብ ሥራ ብናኙን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

ከሁሉ በፊት ግን ክፍሎቹን እጠብ። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ውስጥ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፈህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትግ። ይህ ከቀረጻው የቀረውን ማላቀቂያ ቅባት ለማስወገድ ነው፤ ቅባቱ ካልለቀቀ ቀለም አይዝም። ከታጠበ በኋላም የሚያጣብቅ ወይም ኃይለኛ ሽታ ያለው ክፍል ካገኘህ አትፍቀው፤ መጠኑ ተዛብቶ ሳይደርቅ የቀረ ሊሆን ይችላል። እሱን በጓንት ይዘህ ለብቻው አስቀምጥና ለሻጩ መልስ።

መልስ፣ ከ«ቀዳዳ 0.8»

የናስ ሽቦ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ሱፐር ግሉ ላይ ልጨምር፤ ሰው ንቆት የሚጎዳበት እሱ ነው።

ሱፐር ግሉ ሳያኖአክሪሌት ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል። የዓይንና የጣት እርጥበት ይበቃዋል። ጣት ከጣት ከተጣበቀ በጉልበት አትሳብ፣ ቆዳው ይገፈፋል። ሞቅ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክረህ በማንኪያ እጀታ ቀስ እያልክ አላቅቅ። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ይረዳል፤ ዓይንና አፍ አካባቢ ግን ፈጽሞ አይነካም። ዓይን ውስጥ ከገባ ብዙ ለብ ያለ ውሃ አፍስስበት፣ የዓይኑን ቆብ በግድ አትክፈት፣ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርግበትና ወደ ዓይን ሐኪም ሂድ። ጠርሙሱ የዓይን ጠብታ ስለሚመስል መድኃኒት ካለበት መደርደሪያ አጠገብ አታስቀምጠው፤ ሰዎች ተሳስተው ዓይናቸው ላይ ያደረጉበት አጋጣሚ በሕክምና ጽሑፎች ላይ ተደጋግሞ ተዘግቧል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ጥጥ ነው። ሱፐር ግሉ ጥጥ ወይም ሱፍ ላይ ሲፈስ መጠንከሩ በአንድ ጊዜ ይፈጥንና በኃይል ይግላል፤ ጭስ ይወጣል፣ ቆዳም ያቃጥላል። ስለዚህ የፈሰሰውን በጥጥ ወይም በሶፍት አትጥረግ፣ የጥጥ ጓንትም አታድርግ። ሱሪህ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን ለማላቀቅ ሳትታገል ወዲያው ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስስበት።

ትነቱን በተመለከተ፣ ፊትህን ሥራው ላይ ደፍተህ ስትሠራ ነው ዓይን የሚያቃጥለው። ከጠርሙሱ በቀጥታ አታንጠባጥብ፤ ፕላስቲክ ክዳን ላይ አንድ ጠብታ አድርገህ በቀጭን ሽቦ ጫፍ እየነካህ ውሰድ። እንዲፈጥን ቤኪንግ ሶዳ ወይም ማፍጠኛ ከጨመርክ ትነቱም ሙቀቱም በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ለጥቂት ሰኮንድ ፊትህን አርቅ።

እጅና እግር የመሳሰሉት ክፍሎች በማጣበቂያ ብቻ አይቆሙም። በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ጥልቀት ቀዳዳ አውጣና ሽቦ ክተትበት፤ ለ1/35 ምስል የ0.8 ሚሊሜትር ፑንታ ይበቃል። ክፍሉን መዳፍህ ላይ አድርገህ አትሰርስር። ፑንታው ሌላ ወገን ሲወጣ የሚያገኘው መዳፍህን ነው። የፑንታው ጥርስ በብናኝ ስለሚሞላ በየጥቂት ዙሩ አውጥተህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው እንጂ «እፍ» አትበለው።

ቀዳዳ ለመሙላት ኢፖክሲ ስቱኮ የምትጠቀም ከሆነ ናይትራይል (ሰው ሠራሽ ላስቲክ) ጓንት አድርግ። ያልደረቀ ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፤ አለርጂው አንዴ ከያዘ አይለቅም።

መልስ፣ ከ«የጋራዥ ልጅ»

እኔ የመጣሁት ስለዚያ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ነው። እባክህ ቤት ውስጥ አትርጨው።

ጋራዥ ውስጥ መኪና ላይ የሚረጨው ባለ ሁለት ቆርቆሮው ቫርኒሽ ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት ነው፤ ያው የናስ ሽቦ የጠቀሰው። ልዩነቱ ኪትህ ላይ ያለው ደርቆ ያለቀ ሲሆን ይኼኛው ግን ሕያው ሆኖ፣ በጭጋግ መልክ ወደ ሳንባህ የሚገባ መሆኑ ነው። አይሶሳያኔት የሥራ አስም ያስይዛል። ሰውነት አንዴ እሱን እንደ ጠላት ከለየው በኋላ እጅግ ጥቂት መጠን እንኳ ደረት ያፍናል፣ ወደ ቀድሞው መመለስም የለም። ደግሞም አስቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ ሽታው ከመታወቁ በፊት መጠኑ ከተፈቀደው አልፏል። ለዚህ ነው በደንብ የተደራጀ ጋራዥ ውስጥ ረጪው ንጹሕ አየር በቱቦ ከውጭ የሚገባለትን ጭምብል የሚያደርገው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በፈረንጆቹ ከኦገስት 24 ቀን 2023 ጀምሮ ከ0.1 በመቶ በላይ ነፃ ዳይአይሶሳያኔት ያለበትን ምርት በሥራው የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ሥልጠና መውሰድ ግዴታው ሆኗል። ባለሙያው በሕግ ይህን ያህል ከተጠበቀ፣ አራት ዓመት ልጅ ባለበት በረንዳ ላይ የሚረጭበት ምክንያት የለም።

ብልጭታው አይቅርብኝ ካልክ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የመኪናውን አካል በሚገባ የተደራጀ ጋራዥ ወስደህ መርጫ ክፍላቸው ውስጥ በእነሱ እጅ ማስረጨት ነው። ሁለተኛውና እኔ የምመክርህ ባለ አንድ ክፍል አንጸባራቂ ነው፦ ውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ፣ በስስ በስሱ አራት አምስት ጊዜ፤ ሲደርቅ ከ2000 በላይ በሆነ እርጥብ ወረቀት አለስልሰህ በመወልወያ ክሬም ታሻሸዋለህ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይበራል።

ለፕራይመር (ከቀለም በፊት ለሚረጨው መነሻ ቀለም) እና ለተራው የቆርቆሮ ስፕሬይ ኤን95 ብቻውን አይሆንም። እሱ የሚይዘው ቅንጣት ነው፤ የቲነሩ ትነት ቀጥ ብሎ ያልፈዋል። የሚያስፈልገው ተነቃይ ካርትሬጅ (የማጣሪያ ቆርቆሮ) ያለው የላስቲክ ጭምብል ነው። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ቡናማና ነጭ ቀለበት ያለው «ኤ2ፒ2»፣ ከአሜሪካ ከሆነ የኦርጋኒክ ትነት ጥቁር ምልክትና የቅንጣት ማጣሪያ ያለው። ካርትሬጁ ከተከፈተ ጀምሮ ቁጭ ባለበትም አየሩን ይጠጣል፤ ከሥራ በኋላ በሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት አሽገህ አስቀምጥ። ጭምብሉን አድርገህ ቀለም ከሸተተህ አልቋል፣ ለውጥ። ሳይሸትህም ቢሆን ከተከፈተ ከ6 ወር በላይ አትተማመንበት።

ቦታው በረንዳው ይሁን፣ ወደ ቤት የሚያስገባው በር ተዘግቶ። ነፋሱ ከጀርባህ ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ውጭ መሄድ አለበት። ክፍል ውስጥ በቬንትሌተር ለመሥራት ከተገደድክ ቬንትሌተሩን መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ አዙረው እንጂ ወደ ራስህ አታድርገው፤ በሌላ በኩል ደግሞ አየር የሚገባበት አንድ ክፍት ተው፣ አለዚያ የሚወጣ አየር የለም።

እሳቱን አትርሳ። የስፕሬይና የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል። ጎረቤት ክፍል ቡና እየተፈላ ከሰሉ ፍም ላይ ከሆነ፣ ወይም ዕጣን ቦግ ብሎ ከሆነ፣ ትነቱ ምድጃው ድረስ ሄዶ ይቀጣጠላል። ቡናው አልቆ ምድጃው ከወጣ በኋላ ርጭ፤ ወይ ረጭተህ ጨርሰህ፣ ሽታው ሲጠፋ ቡናው ይፈላ። የተረጨውንም ክፍል ሌሊቱን መኝታ ቤት አታሳድረው፤ እየደረቀ ትነቱን ይለቃል።

ከ«ብሩሽና ሞረድ»

እግዜር ይስጥልኝ፣ ቫርኒሹን ትቼዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ነጭ የሆነውን የመፋቂያ ውሃ የት ልድፋ? ሌላው፣ የተሰበረ የመኪና መስታወት ማቀፊያ አለ፤ አንድ ሰው በሬዚን ፕሪንተር አትሞ ሊሰጠኝ ነው። እሱስ እንደ ኪቱ ደርቆ ያለቀ ነው ብዬ ልያዘው?

መልስ፣ ከ«ኬሚስቷ»

አይ፣ እንደ ኪቱ አትቁጠረው፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሌላ ዕቃ ነው። የፕሪንተሩ ሬዚን በብርሃን የሚጠነክር አክሪሌት ነው፤ አብዛኞቹ የቤት ፕሪንተሮች 405 ናኖሜትር ብርሃን ይጠቀማሉ። ከማሽኑ ሲወጣ ገና ሙሉ በሙሉ አልደረቀም፣ ላዩ ላይም ፈሳሽ ሬዚን አለ። በአይሶፕሮፒል አልኮል መታጠብ፣ አልኮሉ ተንኖ መድረቅ፣ ከዚያ እንደገና በብርሃን መጠንከር አለበት። ይህ ሁሉ ሳይደረግ በእጅ ከተያዘ የቆዳ አለርጂ ያመጣል፤ ማሳከክ፣ መቅላት፣ መላጥ። የአክሪሌት አለርጂ ያለበት ሰው በኋላ በጥርስ ሕክምናና በጥፍር ጄል ላይ ሁሉ ይቸገራል፤ እዚያም ያለው የዚሁ ዘመድ ነው።

ሲሰጥህ በጓንት ተቀበልና ተመልከተው። ላዩ የሚያብለጨልጭና የሚያጣብቅ ከሆነ አልደረቀም። ደረቅ፣ ደብዛዛና ሽታ አልባ መሆን አለበት። ውስጡ ባዶ ሆኖ የታተመ ከሆነ ማፍሰሻ ቀዳዳ እንዳለው ጠይቅ፤ ያለ ቀዳዳ ከታተመ ፈሳሽ ሬዚን ውስጡ ታፍኖ ይቀራል፣ ከሳምንታት በኋላ ክፍሉን ሰንጥቆ ይወጣል፣ ቀለምህንም አብሮ ያበላሻል። የመስታወት ማቀፊያ ቀጭን ስለሆነ ድፍን መሆኑ አይቀርም፣ ግን ጠይቅ። ጥርጣሬ ካለህ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ እያገላበጥክ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠው፤ ቀጭን ክፍል ብዙ ከቆየ ሊሰባበር ይችላል።

ጓንቱ ናይትራይል ይሁን። ላቴክሱ አክሪሌትን አይመክትም፣ ስሱ ናይትራይልም ሬዚን ከነካው በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከቆሸሸ ወዲያው ይለወጥ እንጂ ታጥቦ አይደገምም። ሬዚኑ ቆዳህን ከነካው በአልኮል አትጥረገው። አልኮሉ ሬዚኑን አቅጥኖ የበለጠ ወደ ቆዳው ያስገባዋል። በሶፍት አንሣውና በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እጠበው። ለማለስለስ ያው የእርጥቡ መንገድ ነው።

ስለ መፋቂያው ውሃ፦ ሲንክ ውስጥ አትድፋው። ብናኙ ቱቦው ውስጥ ይረጋል፣ የተረፈው ወንዝ ውስጥ ይገባል። በአሮጌ ባልዲ ክዳን አድርገህ ልጁ በማይደርስበት ቦታ አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ጠዋት ላይ ብናኙ ከታች ተኝቶ ታገኘዋለህ። የላዩን ውሃ በቀስታ በአሮጌ ጨርቅ ወይም በቡና ማጣሪያ ወረቀት አሳልፈህ ድፋው፤ የታችኛውን ጭቃ ጋዜጣ ላይ ገልብጠህ ገና እርጥብ እያለ በከረጢት ቋጥረህ ከቆሻሻ ጋር ጣለው። ሳፋውና ባልዲው ከዚያ በኋላ ለልብስም ለምግብ ዕቃም አይውሉ። ቀጫጭን ክፍሎችን ለማቃናት ውሃ የምታሞቅበት ድስትም እንደዚሁ ለዚሁ ሥራ ብቻ ይለይ።

ጠረጴዛውን ስትጨርስ በመጥረጊያ አትጥረግ፣ በተራ ቫክዩም ክሊነርም አትሳብ፤ ደቃቁ ብናኝ ማጣሪያውን አልፎ በኋላው ይወጣና ቤቱን ይሞላዋል። በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጸዳው፣ ጨርቁን በየመሐሉ እያጠብክ። ከላይ የምትለብሰው ሸሚዝ ለሥራው የተለየ ይሁንና በረንዳ ላይ ይቅር። የአራት ዓመት ልጅ የአባቱን ልብስ ያቅፋል፣ እጁንም ወደ አፉ ይወስዳል፤ ስለዚህ እጅህን ብቻ ሳይሆን እስከ ክርንህና ፊትህንም ታጥበህ ነው ወደ እሱ የምትሄደው። ያገለገሉ ምላጮችን ክዳን ባለው ቆርቆሮ አጠራቅም፣ ትናንሽ ክፍሎቹንም በየሥራው ማብቂያ ቆጥረህ ሣጥን ውስጥ መልስ።

ከ«የናስ ሽቦ»

አንድ ነገር ላክልበት። ኪቱ ውስጥ ከባድ፣ ግራጫ፣ ለስላሳ የብረት ክፍል ካለ፣ በተለይ ኪቱ የቆየ ከሆነ፣ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። እሱን በብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን በሞረድ፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርገህ ሥራው፤ ጨርቁን ከዚያ በኋላ ጣለው።

ከ«ብሩሽና ሞረድ»

የጎማ ቸርኬዎቹ ከዚያ ብረት ናቸው፣ አራት። ለብቻቸው አስቀምጫቸዋለሁ።